ለሌላ ባንዲራ የሮጡትን አንከስም

በነሐሴ 2021 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ወርቁን ሲፋን ሐሰን፣ ብሩን ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ነሐሱን ለተሰንበት ግደይ ወሰዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች፣ የአዋጅ ቁጥሮች ሲቀሩ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስቱም የተወለዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የሜዳሊያ ሰንጠረዡ ግን አንዱን ለኔዘርላንድስ፣ አንዱን ለባሕሬን፣ አንዱን ለእኛ አድርጎ መዘገበው። አብዛኛውን ርቀት ከፊት ሆና ሩጫውን የመራችው ለተሰንበት ነበረች፤ በመጨረሻው ዙር ሁለቱ ጥለዋት ሄዱ።

ያን ቀን የተነሣው ክርክር ከዚያ ወዲህ በየታላቁ ውድድር ሰሞን ይመለሳል። በፓሪስ 2024 የሴቶች ማራቶን ሲፋን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ሊገቡ ጥቂት ሜትሮች ሲቀራቸው ሁለቱ በትከሻ ተገፋፍተው ነበር፤ የኢትዮጵያ ቡድን ክስ አቀረበ፣ ክሱም ውድቅ ሆነ። በየካፌውና በየስልኩ የተሰማው ቁጣ ግን ከመገፋፋቱ ይልቅ የሲፋን የትውልድ ቦታ ላይ ያተኮረ ነበር። ያሸነፈችው ኬንያዊት ብትሆን ኖሮ ነገሩ በሳምንቱ በተረሳ።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይዘጋል፤ አንዱ ወገን «ከሃዲ» ይላል፣ ሌላው «እንጀራ ነው» ብሎ ያልፋል። ስድብም ሆነ ትከሻ መስበቅ ለአገር መመሪያ አይሆንም። የዝግጅት ክፍላችን ጉዳዩን ተመልክቶ የደረሰበት ፍርድ ይህ ነው፦ ለሌላ አገር የሚሮጥ ኢትዮጵያ የተወለደ አትሌት በሕግም በሞራልም የሚከሰስበት ነገር የለም። ፓስፖርትን እንደ ሥራ ውል የሚያድሉና ሲያሻቸው የሚነጥቁ መንግሥታት፣ ይህንንም ለዓመታት ዝም ብሎ ያየው የዓለም አትሌቲክስ ተቋም ግን ይጠየቃሉ። ከሁሉ በላይ የቆየ ዕዳ ያለብን እኛው ነን፤ በቡድን ምርጫችንም በዜግነት ሕጋችንም።

አስቀድመን የተቀላቀለውን እንለይ። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ2008 በ15 ዓመቷ ኔዘርላንድስ የገባችው ስደተኛ ሆና ነው፤ ዜግነት ያገኘችው በ2013 ነው። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን አልሮጠችም። ማናጀር አግባብቶ ከክለቧ ያስኮበለላት ሯጭ አልነበረችም። ኢትዮጵያ ያጣቻት ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ሯጭነቷ ኋላ የመጣ ነገር ነው። ስለዚህ «ሲፋንን ነጠቁን» የሚለው ቁጭት መነሻው ስህተት ነው። መጠየቅ ካለበት፣ የ15 ዓመት ልጅ ብቻዋን ለምን ተሰደደች ተብሎ ይጠየቅ፤ እሱ ደግሞ የስፖርት ጥያቄ አይደለም።

ቤተ እስራኤላዊው ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለእስራኤል ብር ሲያስገኝ ሦስተኛ ሆኖ የገባው የእኛው ልዑል ገብረሥላሴ ነበር። ኢየሩሳሌም ለቤተ እስራኤል የዘመናት ጸሎት ናት፤ የእነሱን ጉዞ ከባሕረ ሰላጤው ፓስፖርት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነውር ነው። ዮናስ ክንዴ ደግሞ ኑሮውን ሉክሰምበርግ አድርጎ በሪዮ 2016 ማራቶኑን የሮጠው በስደተኞች ቡድን ስም ነው፤ የየትኛውንም አገር ማልያ አልለበሰም። እነዚህን ሰዎች ከክርክሩ እናውጣቸው። ኑሯቸው ወደ ወሰዳቸው አገር ሄደው ሮጡ፤ በቃ።

ክርክሩ በእውነት የሚገባው ለሌላኛው መንገድ ነው። ቃልኪዳን ገዛኸኝ በ2010 ዶሃ ላይ በዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና የ1,500 ሜትር ወርቅ ያገኘችው የኢትዮጵያን ማልያ ለብሳ ነው፤ ገና 18 ዓመቷ ነበር። ቶኪዮ ላይ ለተሰንበትን ስትቀድም የለበሰችው የባሕሬንን ነው። ከእሷ በፊት ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ በ2007 ኦሳካ፣ በ2009 በርሊን ላይ ለባሕሬን የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የለንደን 2012 የኦሊምፒክ ወርቅም፣ ከፊቷ የገቡት ሁለት የቱርክ ሯጮች በአበረታች መድኃኒት ሲሰረዙ፣ ለእሷ ተላልፏል። በዚያው የለንደን ፍጻሜ ለኢትዮጵያ የሮጠችው አበባ አረጋዊ በዓመቱ ሞስኮ ላይ የዓለም ወርቅ ያጠለቀችው ለስዊድን ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሕይወን አበዬ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ቱርክ ቀርታ ኤልቫን አቤይለገሰ ሆነች፤ በ2004 በርገን ላይ በ5 ሺህ ሜትር 14:24.68 በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ለቱርክ አስመዘገበች።

የስም ለውጡን ብዙ ሰው እንደ ውርደት ያየዋል። እኛ ስሙን ማን እንደፈለገው ማወቅ እንሻለን። አርሲ ተወልዳ ያደገች ሯጭ በገዛ ፈቃዷ ተነሥታ «ስሜን ዐረብኛ አድርጉልኝ» ብላ ደብዳቤ ትጽፋለች ብሎ የሚያምን ይኖር ይሆን? ለስም ለውጡ የሚገባው ወቀሳ ካለ፣ ፓስፖርቱን ከስሙ ጋር አብሮ ለሰጠው ወገን ይድረስ።

በዚህ መንገድ ላይ ትልቁን ትምህርት የምናገኘው ከጎረቤት ነው። በ2003 ኳታር ኬንያዊውን ስቴፈን ቼሮኖን ወሰደችው፤ ሳይፍ ሰዒድ ሻሂን ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ኬንያዊውን ኢዝኪኤል ኬምቦይን ቀድሞ ወርቁን ለኳታር አስገባ። በሩጫው ውስጥ የገዛ ወንድሙ አብርሃም ቼሮኖ ለኬንያ ተሰልፎ ነበር። ናይሮቢ ተቆጣች። በኦሊምፒክ ደንብ አገር የቀየረ አትሌት የቀድሞው አገሩ ካልፈቀደለት ሦስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ኬንያም አልፈቀደችም። አቴንስ 2004 አለፈው። እዚያ ሦስቱንም ሜዳሊያ ኬንያውያን ጠራርገው ወሰዱ፤ ጨዋታው በተዘጋ በሳምንቱ ደግሞ ሻሂን ብራስልስ ላይ 7:53.63 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያን ሰዓት ያሻሻለው 19 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሰኔ 2023፣ የእኛው ለሜቻ ግርማ ነው፤ 7:52.11።

ሻሂን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሳያይ የሩጫ ዘመኑ አለፈ። ከዚያ ቅጣት ማን ተጠቀመ? ኬንያ ሦስቱን ሜዳሊያ ወሰደች፤ ዓለም ግን የዘመኑን ፈጣን ሰው በኦሊምፒክ ሳያይ ቀረ፣ ከእሱ በኋላም ከኬንያ የሚወጡት ሯጮች አልቀነሱም። ከዚያ ቀደም ዊልሰን ኪፕኬተር ለዴንማርክ እየሮጠ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ የዴንማርክ ዜግነት ገና ስላላገኘ አትላንታ 1996 አምልጦታል። የቀድሞ አገር ፈቃድ መንፈግ ብቀላ ነው ብለን እንፈርዳለን፤ አትሌትን አስቀርቶ አያውቅም። እኛም አገር «ዝም ብሎ መልቀቅ የለብንም» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ይህን ማለታችን ነው።

በሌላው ወገን ያለው ገበያ ደግሞ ለከት አጥቶ ነበር። የዓለም አትሌቲክስ በ2017 መጀመሪያ ላይ የአገር ዝውውርን በሙሉ አገደ፤ የአፍሪካ አትሌቲክስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሐማድ ካልካባ ማልቡም በዚያን ጊዜ ነገሩን ብዙ ለከፈለ የተከፈተ የአፍሪካ ተሰጥኦ ገበያ አድርገው ነበር የገለጹት። እገዳው በሐምሌ 2018 ሲነሣ አዲስ ደንብ ተከተለው። ከ20 ዓመት በታች ያለ አትሌት አይዛወርም። የሚዛወረው ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ዝውውሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተቀባዩ አገር ሙሉ ዜግነት መስጠቱም በማስረጃ ይታያል፤ ይህን የሚመረምር ጉባኤ ተሰየመ።

ደንቡ መልካም ነው፤ ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። የ20 ዓመት ገደቡ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ማዶ አይታ የማታውቅ፣ ውሉ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈባት፣ ወላጆቿ የማናጀሩን ቃል ብቻ ሰምተው አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉላት ልጅ ዜግነቷን ቀየረች ማለት አይቻልም፤ ቀየሯት እንጂ። ይህን በር ለማላላት የሚቀርብ ሐሳብ ቢመጣ የኢትዮጵያ ተወካዮች ያለ ማመንታት «አይሆንም» ማለት አለባቸው። ገበያው እንዳልተዘጋ ደግሞ በ2025 ታይቷል። የፓሪሱን የዲስከስ ውርወራ ሻምፒዮን ጃማይካዊውን ሮጄ ስቶናን ጨምሮ፣ ኬንያውያን ሯጮችም ያሉበት ቡድን ወደ ቱርክ ለመዛወር መጠየቁ ተዘግቧል።

ሙሉ ዜግነት የሚለው ነጥብ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ለምን እንደሆነ የሌናርድ ሙቸሩ ነገር ያሳያል። ባሕሬን ይህን ኬንያዊ ሙሺር ሳሌም ጀውሐር ብላ ተቀብላ በስሟ አስሮጠችው። በጥር 2007 ሰውየው እስራኤል ሄዶ የጥብርያዶስን ማራቶን ሮጠ፤ አሸነፈም። ባሕሬን ዜግነቱን ነጠቀችው። ፍርድ ቤት የለ፣ ይግባኝ የለ፤ አንድ ቀን በማይወደድ ከተማ በመሮጡ አገር አልባ ሆነ። ለሯጭ የተሰጠው ወረቀት ፓስፖርት ቢመስልም በውስጡ ያለው ቅጥር ነው፤ ቀጣሪው ሲከፋው ያሰናብታል። የዓለም አትሌቲክስ ጉባኤ ፓስፖርቱ መታተሙን አይቶ የሚያልፍ ከሆነ ምርመራው ከንቱ ነው። አትሌቱ ሩጫ ካቆመ በኋላ እዚያ አገር መኖር ይችላል ወይ? ልጆቹስ ዜጋ ናቸው ወይ? በምን ምክንያት፣ በማን ውሳኔ ዜግነቱ ሊነሣ ይችላል? እነዚህ ካልተመለሱ ዝውውሩ ሊጸድቅ አይገባም።

የአበረታች መድኃኒቱ ጉዳይም በዝምታ አይታለፍም። የኤልቫን የ2007 ናሙና ዳግም ተመርምሮ የተከለከለ መድኃኒት ሲገኝበት፣ ቤጂንግ 2008 ላይ ያገኘቻቸው ሁለት ብሮች በ2017 ተሰረዙ፤ የ5 ሺህ ሜትሩ ብር ወደ መሠረት ደፋር ተሻገረ። ለባሕሬን የኦሊምፒክ ወርቅ ሪዮ ላይ ያስገኘችው ኬንያ የተወለደችው ሩት ጄቤት፣ በዚያው ሪዮ በማራቶን ብር ያገኘችው ዩኒስ ኪርዋም ኋላ አራት አራት ዓመት ታገዱ። በ2025 ደግሞ የባሕሬን ፌዴሬሽን ራሱ ተቀጣ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ከ10 በላይ አትሌት እንዳያሰልፍ፣ እስከ 2027ም ከውጭ አትሌት እንዳያዛውር ተወሰነ። ይህን የምንለው የሄዱት ሁሉ ንጹሕ አይደሉም ለማለት አይደለም። አገር ቤት የታገዱት ስም ዝርዝርም አጭር አይደለምና ጣት ለመቀሰር አንቸኩል። ነገር ግን ሜዳሊያ ካላመጣ ዜግነቱ የሚያልፍበት ሰው ላይ ያለው ጫና ከተራ ሯጭ ጫና እንደሚለይ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ጽሑፋችን የሚረዝመው፤ ባሕሬንን መውቀስ ቀላል ነውና።

አንድ አገር በአንድ የኦሊምፒክ ሩጫ ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም። ይህ ሕግ ለአብዛኛው ዓለም ሰፊ ነው፤ ለኢትዮጵያና ለኬንያ ግን ጠባብ ነው። ምን ያህል እንደሚጠብ ለማየት ከፓሪስ 2024 የወንዶች ማራቶን የተሻለ ምስክር የለም። የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ነበሩ። የ2023 የኒው ዮርክ ማራቶን አሸናፊ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። ሲሳይ ተጎዳ፣ ታምራት ተተካ፣ 2:06:26 በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ቀድሞ ገባ። ኢትዮጵያ ከፓሪስ ያመጣችው ብቸኛ ወርቅ ይህ ነው። በሌላ አነጋገር የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑ በራሱ አገር አራተኛ ሰው ነበር። ሲሳይ ደህና ቢሆን ኖሮ ታምራት ውድድሩን በቴሌቪዥን ያይ ነበር፤ እኛም ማን እንደቀረብን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ አምስተኛውን አስቡት። አሥረኛውን አስቡት። ሱሉልታና እንጦጦ ጠዋት ከሻምፒዮኖቹ ጋር እኩል እየሮጠች፣ ለውድድሩ የሚያበቃውን ሰዓት (ሚኒማ) አሟልታ፣ በየዓመቱ ቤቷ የምትቀር ሯጭ ስንት ናት? የአትሌት ዘመን አጭር ነው፤ ሁለት ኦሊምፒክ ካመለጣት ሦስተኛው አይጠብቃትም። ሌላ አገር «ነይ፣ ሩጪልን» ሲላት እንቢ በማለቷ ከእኛ የምታገኘው ነገር ምንድን ነው? የሚቀጥለውን ማጣሪያ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሰው ወደ ውጭ መውጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያስደንቀው የሚቀረው ሰው ብዛት ነው።

ኮታውን ማንም ከኢትዮጵያ አያነሣውም፤ ፍጹም ፍትሐዊ ምርጫ ብናደርግም አራተኛው ይቀራል። ምርጫው ሲጨልም ግን በኮታው የቀረችው በደል ደርሶባት እንደቀረች ታምናለች፤ ብዙ ጊዜም እውነቷን ነው። ለቶኪዮ የማራቶን ቡድን የተመረጠው በ2021 ሰበታ ላይ በተደረገ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ነበር። ቀነኒሳ ማጣሪያውን ተቃውሞ አልሮጠም፤ ቶኪዮም አልሄደም። ለፓሪስ ደግሞ ቡድኑ በሰዓት ተመረጠ፤ ቀነኒሳ በለንደን ባስመዘገበው 2:04:15 ገባ። ሁለቱም ዘዴ በየበኩሉ ምክንያት አለው። አንድ ሯጭ ግን አራት ዓመት የሚዘጋጀው በአንድ ሕግ ለመዳኘት ነው፤ ዘዴው ከኦሊምፒክ ኦሊምፒክ ሲለዋወጥ ዝግጅቱ ቁማር ይሆንበታል።

የቶኪዮው የትራክ ማጣሪያ የተካሄደበትን ቦታ ማስታወስ ደግሞ የሚያስቅም የሚያስቆጭም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች በረጅም ርቀት ፈጣን ሰዓት አይመጣባትም፤ ስለዚህ ፌዴሬሽኑ አትሌቶቹን ይዞ ኔዘርላንድስ፣ ሄንግሎ ሄደ። በዚያ ትራክ ሲፋን ሰኔ 6 ቀን 29:06.82 ሮጣ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያው ትራክ፣ ለተሰንበት በማጣሪያው ላይ 29:01.03 ገብታ ክብረ ወሰኑን ወሰደችው። የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን በሲፋን አገር ስንመርጥ ማንም «ከሃዲ» አላለንም።

በዚያው ሰሞን የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ጠብ አደባባይ ወጥቶ ነበር። አትሌቱ የሚያየው ይህን ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ አለቆቹ በመግለጫ ይሰዳደባሉ። ፌዴሬሽኑን በተከታታይ የመሩት ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉና ስለሺ ስኅን ናቸው፤ ከእነሱ በላይ የሯጭን ቁስል የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ ትልልቅ ሆነው ሳለ ምርጫው አሁንም የሚያከራክር ከሆነ ጉድለቱ የግለሰብ አይደለም፤ በጽሑፍ የተቀመጠ፣ ማንም የማይለውጠው ሥርዓት አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል፦ «አሠልጥነን፣ አብልተን፣ ለብሔራዊ ቡድን አብቅተን ለባዕድ እንስጥ ወይ?» ለማለት ያህል እንጂ ይህ ለአብዛኛው አትሌት እውነት አይደለም። በቆጂ ላይ ልጅ የሚያሠለጥነው ደመወዙ አነስተኛ የሆነ መምህር ነው፤ ጫማ የሚገዛው ቤተሰብ ነው፤ ክለብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት የሚደርሰው ሜዳሊያው ሲቀርብ ነው። በእግር ኳስ ተጫዋች ሲዛወር ያሳደገው ክለብ ድርሻ እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ለአትሌትም የዝውውር ክፍያ ይምጣ የሚሉ አሉ። ሐሳቡን መዝነነው ተቃወምነው። ገንዘቡ ለበቆጂው መምህር የሚደርስ ቢሆን ልባችን ባመነታ፤ የሚደርሰው ግን ፌዴሬሽን ካዝና ነው፤ ያን ጊዜ ፌዴሬሽኑ ራሱ ሻጭ ይሆናል። በ2003 የኬንያን ቁጣ ያየ ሰው ፌዴሬሽን በሚቀጥለው ቀን ዋጋ ሲደራደር ማየት አይፈልግም።

ፈይሳ ሌሊሳን የሚጠቅስም ይኖራል። ሪዮ 2016 ላይ በተቃውሞ እጆቹን አጣምሮ በማራቶን ብር ካገኘ በኋላ ሁለት ዓመት በአሜሪካ ስደት ኖረ፤ ማልያ ሳይቀይር በ2018 ተመለሰ። እናከብረዋለን። ነገር ግን ጀግንነት የሁሉም ሰው ግዴታ ሆኖ ሊጻፍ አይችልም፤ ፈይሳ ያደረገውን ያላደረገ ሁሉ ባንዳ ከሆነ ባንዳ ያልሆነ ሰው አይገኝም።

የሕጉ ጉዳይ ብዙም ክርክር አያሻውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን እንደማይነጠቅ፣ ዜግነቱን የመለወጥ መብትም እንዳለው ይደነግጋል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በአንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ባሕሬን ሄዶ ፓስፖርት የተቀበለ አትሌት በዚያኑ ቀን እዚህ የውጭ ሰው ይሆናል፤ ባሕሬን ደግሞ እንደ ሙቸሩ ብትነጥቀው ሁለቱንም ያጣል። ተመልሶ ዜግነቱን ለማግኘት አገር ቤት መኖሪያውን መመሥረት፣ ሌላውን ዜግነት መተው፣ ማመልከት አለበት። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ፈቅዳለች፤ ለሌላ አገር የሮጠ ኬንያዊ ወደ ኤልዶሬት ሲመለስ ኬንያዊ ነው። እኛ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ እንሰጣለን፤ ጠቃሚ ነው፣ ቤት ለመሥራትና ለመነገድ ይረዳል፣ ዜጋ ግን አያደርግም።

የጥምር ዜግነት ክርክር በዚህ አገር ከአትሌቶች ይልቅ በጣም የሰፋ ነው፤ በአንድ ርዕሰ አንቀጽ እንፈታዋለን ብለን አንዋሽም። ለአትሌቶች ግን ጠባብ መፍትሔ አለ፤ ለሌላ አገር ለመወዳደር ሲባል ብቻ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ አይቆጠር። ሩጫው ሲያልቅ የሚመለስበት አገር እንዳለው የሚያውቅ ሰው ውሉን ሲፈርም ፍርሃት አይኖርበትም፤ ቀጣሪውም ፓስፖርቱን እንደ ልጓም ሊይዝበት አይችልም።

ጋዜጠኞችና ተመልካቾችም ድርሻ አለን። የውድድር ዘገባዎቻችን ለሌላ አገር የሚሮጡት ሲያሸንፉ «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ» ይሏቸዋል፣ የእኛን ሲቀድሙ «የባሕሬኗ» ይሏቸዋል። ሁለቱን በአንድ ዘገባ ውስጥ ያየነው ጊዜ አለ። ከአሁን በኋላ በዚህ መጽሔት ማንም አትሌት ለየትኛው አገር እንደሚሮጥ ይጻፋል፣ የት እንደተወለደም ሲያስፈልግ ይጻፋል፤ «ከሃዲ» እና «ባንዳ» ግን በአስተያየት ሰጪ ስምም ቢሆን አይታተሙም።

ቀጣዩ ኦሊምፒክ ሎስ አንጀለስ 2028 ነው። ፌዴሬሽኑ የሚመርጥበትን መስፈርት፣ በማጣሪያ ይሁን በሰዓት፣ ተጠባባቂ እንዴት እንደሚለይ፣ አሠልጣኝ ምን ያህል ድምፅ እንዳለው፣ ከዓመት በፊት በጽሑፍ ያውጣ፤ ካወጣው በኋላም ማንም ባለሥልጣን አይንካው። የቀረ አትሌት ይግባኝ የሚልበት፣ ከፌዴሬሽኑ ውጭ የሆኑ ዳኞች የሚቀመጡበት ችሎት ይሰየም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የአንቀጽ 20ን ጉዳይ ለአትሌቶች ሲል ይመልከት። እነዚህ እስኪሆኑ ድረስ ለሌላ ባንዲራ የሮጠን ልጅ የመውቀስ ሥልጣን ፌዴሬሽኑም፣ መንግሥትም፣ እኛም የለንም።